ከካሳ እስከ ገሃነም፦ «ዳምድ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ታሪክ

እንግሊዝኛ በሚነገርባቸው ከተሞች የሚኖር ወይም የአሜሪካ ፊልም የሚያዘወትር ሰው «ዳም» እና «ዳምድ» የሚሉትን ቃላት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማቸው ቆጥሮ አይዘልቀውም። ሚስማር ሲመታ ጣቱን ያገኘ፣ አውቶቡስ ያመለጠው፣ ቡና ልብሱ ላይ የፈሰሰበት ሁሉ ይናገራቸዋል። ፍቺያቸው ግን የዋዛ አይደለም። «ዳምድ» ማለት የተኮነነ፣ ነፍሱ ለዘላለም ሥቃይ የተፈረደባት ማለት ነው። የሰው ልጅ ሊደርስበት የሚችለውን የመጨረሻ መከራ የሚሰይም ቃል የፈሰሰ ቡና ማማረሪያ ሆኖ መገኘቱ ያስገርማል። ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ ለቋንቋ መምህራን በተውነው ነበር። ዳሩ ግን በዚህ ቃል ምክንያት እንቅልፍ ያጡ፣ ከቍርባን የራቁ፣ ግፈኛ ንጉሥን መቃወም የፈሩ ሰዎች ነበሩ። የቃሉን ታሪክ መከተል የሚያስፈልገውም ስለ እነርሱ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቃሉ ምንጭ ላቲን ነው፤ የተወለደውም በቤተ መቅደስ ሳይሆን በገበያና በፍርድ አደባባይ ነው። «ዳምኑም» በጥንታዊት ሮም የንብረት ጉዳት፣ ኪሳራ፣ መቀጫ ማለት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የወጣው የአኵሊያ ሕግ የሰውን ባሪያ ወይም የመንጋ ከብት ያለ አግባብ የገደለ ሰው፣ የተገደለው በዚያ ዓመት ውስጥ ያወጣ የነበረውን ከፍተኛ ዋጋ ለባለቤቱ እንዲከፍል ያዛል። ገዳዩን ለዚህ ክፍያ ባለዕዳ የሚያደርገው የሕጉ ቃል «ዳምናስ» ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው «ዳምድ» ሰው የበሬ ዋጋ ክፈል የተባለ ሮማዊ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬም በእንግሊዝኛ የፍርድ ቤት ካሳ የሚጠራበት «ዳሜጅስ» የሚለው ቃል የዚሁ የአንድ ሥር ቅርንጫፍ ነው። «ዳምናሬ» የሚለው ግሥም በዳዩን ጥፋተኛ ብሎ መቅጣትን ያመለክት ነበር። በዚህ ሁሉ ውስጥ ዳኛ አለ፣ ከሳሽ አለ፣ የተወሰነ ልክ ያለው ዕዳም አለ። ዕዳው ሲከፈል ነገሩ ያልቃል።

የላቲን ክርስትና ይህን የችሎት ቋንቋ እንዳለ ወረሰው። የመጨረሻው ፍርድ ፍርድ እስከሆነ ድረስ የፍርድ ቃል ማስፈለጉ አይቀርም። የሂፖው አውግስጢኖስ (354-430) የአዳም ዘር በሙሉ በአንድነት የተፈረደበት ጅምላ ነው ብሎ ሲያስተምር ይኸንኑ ግሥ ተጠቀመ። በአውግስጢኖስ ትምህርት ግን ዕዳው ተከፍሎ የሚያልቅ አልነበረም። የቃሉ ጠባይ የተለወጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የሮማው ተቀጪ ከፍሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ የአውግስጢኖስ ተቀጪ ግን መሄጃ የለውም።

ቃሉ ወደ እንግሊዝ የገባው ኖርማኖች በ1066 አገሪቱን ከያዙ በኋላ፣ በፈረንሳይኛ በኩል ነው። እንግሊዞች ግን ከዚያ በፊትም የራሳቸው የፍርድ ቃል ነበራቸው፤ እርሱም «ዱም» ነው። በንጉሥ አልፍሬድ ዘመን «ዱም» ማለት ሕግ፣ ብያኔ ማለት ነበር። በ1086 የተዘጋጀው ታላቁ የርስትና የግብር መዝገብም «የዱም ቀን መጽሐፍ» ተብሎ የተጠራው፣ እንደ መጨረሻው ፍርድ ሁሉ በእርሱ ላይ ይግባኝ ስለሌለ ነው ይባል ነበር። ዛሬ «ዱምድ» ማለት ጥፋት የተወሰነበት፣ ማምለጫ የሌለው ማለት ነው። ሁለቱም የእንግሊዝኛ ቃላት፣ አገሬውም መጤውም፣ ከዳኛ ፊት ተነሥተው ገደል አፋፍ ላይ ደረሱ።

በ14ኛው መቶ ዓመት በዊክሊፍ ስም የሚጠራው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲዘጋጅ ግን ቃሉ ገና አልጠቆረም ነበር። በዮሐንስ ወንጌል ስታመነዝር የተያዘችው ሴት ታሪክ ላይ ጌታ እኔም አልፈርድብሽም ሲላት ተርጓሚዎቹ የተጠቀሙት ይኸንኑ ግሥ ነው፤ ያን ጊዜ «ዳምፕን» እየተባለ ይጻፍ ነበር። በ1611 በንጉሥ ጄምስ ትእዛዝ የታተመው ትርጉም ግን በዚሁ ቦታ «ኮን» የሚል ቅጥያ የተጨመረበትን ወንድሙን ተካበት። ሁለቱ ወንድማማች ቃላት ውርስ የተካፈሉት በዚህ ዘመን ነው። ቅጥያ ያለው በምድራዊው ችሎት ቀረ፤ ቅጥያ የሌለው ወደ ገሃነም ወረደ።

ችግሩ፣ የ1611 ተርጓሚዎች የወረደውን ቃል በጥቂት ስፍራዎች ላይ እንዳለ መተዋቸው ነው። «ዳምድ» በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሦስት ጊዜ ብቻ፣ ሁሉም በአዲስ ኪዳን ይገኛል፤ የስሙ ቅርጽ «ዳምኔሽን» ደግሞ ከዚያ ይበዛል። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ ጥቅሶች ብዙ ሰው ጎድተዋል። የመጀመሪያው በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 ሳይገባው ስለሚቈርብ ሰው የተነገረው ነው። በግሪኩ ያለው «ክሪማ» ፍርድ ማለት ሲሆን እንግሊዝኛው «ዳምኔሽን» አለው። የ1662 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍም ቃሉን በቍርባን ማሳሰቢያው ውስጥ አስገባው፤ ቄሱ በምእመናኑ ፊት ቆሞ ሳይዘጋጅ የሚቀርብ ሰው የራሱን ኩነኔ እንደሚበላና እንደሚጠጣ ያነብባል። ይህን እየሰማ ያደገ ገበሬ ከመቅደሱ በር ቢመለስ የሚያስደንቅ አይደለም። ፍርሃቱ ሁሉ ከቃሉ ብቻ የመጣ ነው ማለት ግን አይቻልም። የእኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዚያ ቦታ «ፍርድ» ይላል፤ ሆኖም በኢትዮጵያ ስንት ጎልማሳ አልበቃሁም እያለ እስከ እርጅናው ከቍርባን እንደሚርቅ አንባቢ ያውቃል።

ሁለተኛው በሮሜ ምዕራፍ 13 ባለሥልጣንን የሚቃወሙ የሚቀበሉት ነው። እዚህም ግሪኩ «ክሪማ»፣ እንግሊዝኛው «ዳምኔሽን» ነው። የንጉሥ ወገን ለነበሩ ሰባክያን ከዚህ የተመቸ መሣሪያ አልነበረም፤ በንጉሥ ላይ የተነሣ ሰው በአንገቱ ብቻ ሳይሆን በነፍሱም ይከፍላል ማለት ነውና። ቻርልስ ቀዳማዊ በ1649 አንገቱ ከተቀላ በኋላ ዕለቱ በየዓመቱ ሲታሰብ ይኸው ጥቅስ ይሰበክ ነበር። በ1750 በቦስተን ከተማ ጆናታን ሜይሂው የተባለ ሰባኪ ይህንኑ መታሰቢያ ምክንያት አድርጎ ተነሣና ጥቅሱን ገለበጠው፤ ለሕዝብ በጎ የማያደርግ ገዥ በዚያ ምዕራፍ የተነገረለት ባለሥልጣን አይደለም፣ ስለዚህ እርሱን መቃወም አያስኮንንም አለ። ስብከቱ ታትሞ ተሠራጨ፤ ከ26 ዓመት በኋላ ቅኝ ግዛቶቹ ነጻነታቸውን ሲያውጁም ገና አልተረሳም ነበር።

ቃሉ በአንድ ሰው ነፍስ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት ግን ከሳሙኤል ጆንሰን የተሻለ ምስክር አይገኝም። ጆንሰን ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ገና በወጣትነቱ ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው የጉዞ ታሪክ ትርጉም ሲሆን ዓመቱም 1735 ነበር። በ1759 ደግሞ የአቢሲኒያውን ልዑል የራስላስን ልብ ወለድ ታሪክ ጻፈ፤ ይህም ሥራ በሲራክ ኅሩይ ተተርጕሞ አማርኛ ተናግሯል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ በ1755፣ ከ40 ሺህ በላይ ቃላት የያዘውን ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አወጣ።

በዚያ መዝገበ ቃላት «ዳም» የሚለውን ግሥ ሲፈታ በቅድሚያ ያስቀመጠው በሚመጣው ዓለም ለዘላለም ሥቃይ መፍረድን ነው፤ ለፍቺውም የመረጠው ግሥ ቀደም ብለን ያየነውን «ዱም»ን ነው። ወደ ታች ወረድ ብሎ ደግሞ ሌላ ፍቺ አለ፦ ተመልካች ተውኔትን በጩኸትና በፉጨት ማዋረዱ። ጆንሰን ይህንንም ቢሆን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቀውም፤ በ1749 «አይሪን» የተባለ ተውኔቱ በለንደን መድረክ ሲወጣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ልትታነቅ ስትል ተመልካቹ ጮኾ አስቁሟል።

ከ29 ዓመት በኋላ፣ በ1784 ሰኔ ወር፣ ይህ ሊቅ በኦክስፎርድ በፔምብሩክ ኮሌጅ እንግዳ ሆኖ ተቀምጧል። ዕድሜው 74 ነው፤ ሕመም አድክሞታል። ጨዋታው ወደ ሞት አዘነበለና ጆንሰን መዳን የተሰጠበትን ግዴታ መፈጸሜን እርግጠኛ ልሆን ስለማልችል ከሚኮነኑት አንዱ እንዳልሆን እፈራለሁ አለ። የኮሌጁ አለቃ ዶክተር አዳምስ «ዳምድ» ስትል ምን ማለትህ ነው ብሎ ጠየቀው። መዝገበ ቃላቱን የጻፈው ሰው የቃሉን ፍቺ ተጠየቀ። ጆንሰንም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በቍጣ፣ ወደ ገሃነም መላክና ያለ ፍጻሜ መቀጣት መሆኑን መለሰ። የአዳምስ ባለቤት የመድኃኔ ዓለምን ቤዛነት ብታስታውሰውም፣ እርሱ ግን ጌታ ራሱ አንዳንዶቹን በቀኙ አንዳንዶቹን በግራው እንደሚያቆም ተናግሯል ብሎ ነገሩን በጭንቀት ዘጋው። ቦዝዌል በቦታው ስለነበረ ነው ይህን ሁሉ የምናውቀው። ጆንሰን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 13 ቀን ዐረፈ።

የጆንሰን ፍርሃት ምናልባት የሚል ነበር። ገጣሚው ዊልያም ኩፐር (1731-1800) ግን እርግጠኛ ሆነ። ኩፐር የሕግ ትምህርት የተማረ፣ ጭምት፣ ጥንቸል የሚያሳድግ ሰው ነው። በ1773 በሕልሙ በላቲን የተነገረ ድምፅ ሰማ፤ ጉዳይህ አልቋል፣ ጠፍተሃል የሚል ነበር። ላቲኑ የሚጀምርበት ሐረግ በሮማ ክርክሩ ተዘግቷል፣ የቀረ ነገር የለም የሚባልበት አነጋገር መሆኑ ለሕግ ሰው ምን እንደሚያሰማ መገመት አያዳግትም። ኩፐር ከዚያ በኋላ በሕይወት የቆየው 27 ዓመት ነው፤ በእነዚያ ዓመታት እጅግ ያማሩ ግጥሞች ጻፈ፣ ሆሜርን ተረጐመ፣ ወደ ጸሎት ቤት ግን አልተመለሰም። ለተኮነነ ሰው ጸሎት ምን ይረባዋል? ጎረቤቱና የነፍስ አባቱ የነበረው ጆን ኒውተን በበኩሉ የባሪያ መርከብ አዛዥ የነበረ ሰው ሲሆን፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚዘመረውን «አሜዚንግ ግሬስ» ለምእመናኑ ያቀረበው በዚያው በ1773 መባቻ ላይ ነበር። ሰው የሸጠው ምሕረት እንዳገኘ አወቀ፤ ጥንቸል የሚያሳድገው መኮነኑን አወቀ። ስለ እነዚህ ሁለት ሰዎች ባሰብሁ ቍጥር የሁለቱን ፋይል ያቀያየረ ጸሐፊ ያለ ይመስለኛል።

እንዲህ ያለ ፍርሃት በነበረበት በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ ቃሉ በየመንገዱ እንደ ሳንቲም ይወረወር ነበር። «እግዚአብሔር ይኮንነው» የሚለው ሙሉ እርግማን በወታደሩ፣ በባሕረኛው፣ በጋሪ ነጂው አፍ ላይ አጠረ፤ ከዚያም ኮናኙ ወጣና ኩነኔው ብቻውን ቀረ። መንግሥት በ1745 ባወጣው የርኩስ መሐላና እርግማን ሕግ የዋጋ ዝርዝር አወጣለት፦ የቀን ሠራተኛ፣ ተራ ወታደርና ባሕረኛ 1 ሺሊንግ፣ ከጨዋ በታች ያለ ሌላ ሰው 2 ሺሊንግ፣ ጨዋና ከዚያ በላይ የሆነ 5 ሺሊንግ። ለሁለተኛ ጊዜ እጥፍ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሦስት እጥፍ ነው። ገንዘቡ ለሰበካው ድሆች ይውላል፤ ሕጉም በዓመት አራት ጊዜ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ታዘዘ። ሕጉ የተሻረው በ1967 ነው። ከመቀጫ የተነሣው የሮማ ቃል ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ወደ መቀጫ መመለሱ ነው፤ ልዩነቱ አሁን የሚያስቀጣው ቃሉን መናገር መሆኑ ብቻ ነው።

ባሕር ማዶ ያሉ ፈረንሳዮች ነገሩን ታዝበውታል። ቦማርሼ «የፊጋሮ ጋብቻ» በተባለው ኮሜዲው ፊጋሮን አስነሥቶ፣ በእንግሊዝ አገር ይህችን አንዲት እርግማን የያዘ ሰው ሌላ ቋንቋ እንደማያስፈልገው ያስለፈልፈዋል። ተውኔቱ በፓሪስ ለሕዝብ የቀረበው በ1784 ሚያዝያ ወር ነው። የፓሪስ ተመልካች በቃሉ ሲሥቅና ጆንሰን በኦክስፎርድ በዚያው ቃል ሲንቀጠቀጥ በመካከላቸው ያለፈው ሁለት ወር አይሞላም።

በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ሊቃውንት የ1611ን ትርጉም ሲያርሙ አንድ ቃል እነዚህን ሁለት ሥራዎች አንድ ላይ ሊሠራ እንደማይችል ተረዱ። በ1881 በታተመው አዲስ ኪዳን በማርቆስ መጨረሻ ያላመነው «ዳምድ» መሆኑ ቀርቶ ቅጥያ ባለው ወንድሙ ይፈረድበታል ተባለ፤ በቆሮንቶስም በሮሜም «ፍርድ» ገባ። ማረሚያው ለግሪኩ የታመነ ነበር። ለኩፐር ግን 108 ዓመት ዘገየ።

የእኛው «ኩነኔ» ያለፈበት መንገድ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ያስተምራል። የግእዙ «ኰነነ» በመጀመሪያ ዳኘ፣ ገዛ፣ ፈረደ ማለት ነው። በጸሎተ ሃይማኖት ጌታ በሕያዋንና በሙታን ሊፈርድ ዳግመኛ እንደሚመጣ የምንናገረው በዚህ ግሥ ነው። ከዚሁ ግሥ «መኰንን» ወጣ፤ ዳኛ፣ ገዥ፣ ሹም ማለት ነው። ልጁን መኮንን ብሎ የሚሰይም አባት ኩነኔን አያስብም፤ የጦር መኮንን ሲባልም ገሃነም የሚታየው የለም። ሁለቱ ቃላት ግን የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ሌላው ከወንበሩ የወረደው ብያኔ ሆነ። በዜና ማሰራጫዎቻችን መንግሥት ጥቃቱን ኮነነ ሲባል ምድራዊው ትርጕም ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

የግእዝ ችሎት ሌላም ግሥ ነበረው፤ «ፈትሐ»። ትርጕሙ ፈረደ ነው፤ ፈታ፣ ለቀቀም ነው። ፍትሕ ከዚህ ወጣ፤ ፍትሐ ነገሥት ከዚህ ወጣ፤ ለሞተ ሰው የሚደርሰው ጸሎተ ፍትሐትም ከዚሁ ነው። እንግሊዝኛ ሁለቱን የፍርድ ቃላቱን፣ «ዱም»ንም «ዳም»ንም፣ ወደ ጥፋት ሲያወርዳቸው፣ ግእዝ አንዱን ወደ ኩነኔ ሌላውን ወደ መፈታት መራቸው። ለሞቱት የሚጸልይ ሕዝብ ሁለቱንም ቃል ሳያስፈልገው አልቀረም። የእንግሊዝ ተሐድሶ ደግሞ ለሙታን መጸለይን ካስቀረ በኋላ በገሃነምና በሟቹ መካከል የሚቆም የሰው ድምፅ አልነበረም፤ የጆንሰንና የኩፐር ብቸኝነት ከዚህም የመጣ ይመስለኛል። ጆንሰን ራሱ ለሟች ሚስቱ በስውር ይጸልይ እንደነበር የጸሎት ማስታወሻዎቹ ያሳያሉ።

በአማርኛ ርግማን፣ ውግዘትና ኩነኔ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ርግማን ከወላጅ አፍ ይወጣል፤ ውግዘት ከካህን፤ ኩነኔ ግን የአንድ ዳኛ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው «ዳም» ሦስቱንም ስለጠቀለለ ማንም ሰው በማንም ላይ ሊያወርደው ቻለ። የተበደለ አማርኛ ተናጋሪ በዳዩን እግዜር ይፍረድብህ ሲለው ጉዳዩን ለዳኛ ማቅረቡ ነው፤ ፍርዱን ራሱ አይሰጥም። «ጽድቁ ቀርቶብኝ በቅጡ በኮነነኝ» የሚለው የአበው ተረትም ይህንኑ ይመሰክራል። ተናጋሪው ኩነኔውን ተቀብሎታል፤ የሚጠይቀው ኩነኔው ወግና ሥርዓት እንዲኖረው ነው። እንዲህ ያለ ቀልድ ዳኛው ገና ወንበሩ ላይ ላለበት ቋንቋ ብቻ የሚቻል ነው፤ በእንግሊዝኛው «ዳም» ልትተረጕመው ብትሞክር ይፈርስብሃል።

በአሜሪካ ቃሉ የመጨረሻ ክርክሩን ያደረገው በሲኒማ ነው። የሆሊዉድ ኩባንያዎች ተስማምተው ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብ ከሚከለክላቸው ቃላት መካከል ይኸው ነበር። በ1939 «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለው ፊልም ሲሠራ ሬት በትለር ስካርሌትን ጥሏት ሲሄድ የሚናገራት የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር በዚህ ቃል ስለምታልቅ አዘጋጁ ሴልዝኒክ ሳንሱሩን ሞገተ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ደንቡ ተሻሽሎ ቃሉ አንዳንድ ጊዜ እንዲፈቀድ ተደረገ። ፊልሙ የተሠራበትን ልብ ወለድ ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ወደ አማርኛ መልሶታል። በበትለር ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለው «ዳም» ስለ ነፍስ፣ ስለ ዳኛም ሆነ ስለ ገሃነም የሚለው ነገር የለም፤ ሰውየው ምንም ግድ እንደማይሰጠው ብቻ ይናገራል። ያችን ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ሊያስቀምጥ ብዕር ያነሣ ሰው «ኩነኔ»ን ፍለጋ መሄድ አይኖርበትም፤ «ደንታ» የሚለው ቃል ይበቃዋል።